ለምርምር ስንት ብር መደባችሁ? ለምክር ቤት አባሎቻችን የቀረበ ጥያቄ

በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ጥሩ ቡና የሚሸጡ ቤቶች አንዳንድ የኢትዮጵያ ቡና ከረጢት ላይ ቁጥር ይጽፋሉ። 74110፣ 74112። ብዙ ሰው የዕቃ መለያ ኮድ ይመስለዋል። ቁጥሮቹ ግን የቡና ዝርያ ስሞች ናቸው። የወጡትም ጅማ፣ መልኮ ካለው የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። መጀመሪያ ላይ ያለው 74 እናት ዛፎቹ የተመረጡበት ዓመት ነው፤ 1974። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1971 የቡና ፍሬን የሚያጠቁር የፈንገስ በሽታ አገራችን ገባ። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ጥቁር ነጥብ ይወጣበታል፣ ይደርቃል፣ ይረግፋል። በሽታው በየቡና አካባቢው ሲዛመት ተመራማሪዎች ወደ ጫካውና ወደ ገበሬው ማሳ ወረዱ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር። ዙሪያው በሙሉ ታሞ እሱ ግን ጤነኛ ሆኖ የቆመ ዛፍ። እንዲህ ያለ ዛፍ ሲያገኙ ዘሩን ሰብስበው መልኮ ወሰዱት። ችግኝ አፈሉ፣ በሽታውን ሆን ብለው አስያዙት፣ የተረፈውን ደግሞ ተከሉት። 74110ና 74112 የተገኙት ኢሉባቦር፣ መቱ አካባቢ ነው። አሥርት ዓመቱ ሳያልቅ ዝርያዎቹ ለገበሬ ተሰጡ። ዛሬም በሰፊው ይለማሉ። አገራችን በ2017 ዓ.ም. በጀት ዓመት ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። ከዚህ ገንዘብ ውስጥ የእነዚያ ተመራማሪዎች ድካም አለበት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ በቀላሉ የሚታለፍ አንድ ነገር አለ። የጅማው ማዕከል የተከፈተው በ1967 ነው። በሽታው ሲመጣ አራት ዓመት ሞልቶታል። ባለሙያ ነበረው፣ መሬት ነበረው፣ ችግኝ ማፍያ ነበረው። በሽታው ከገባ በኋላ ማዕከል እንክፈት፣ ሰው እናስተምር ቢባል ኖሮ ቡናችን እስኪያልቅ ድረስ ገና ግንባታ ላይ በሆንን ነበር።

የምርምር በጀት ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ዛሬ የተመደበ ብር ፍሬው የሚታየው ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። የመንገድ ሥራ ቢቆም ሰው ያያል፣ ይጮኻል። አንድ የመስክ ሙከራ በገንዘብ እጦት ቢቋረጥ ግን ከተመራማሪው በቀር የሚያውቅ የለም። ይህን የማይታይ ነገር ማየት ያለበት በጀት የሚያጸድቀው አካል ነው፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት።

ቃሉ ተጽፎ ነበር

የሚገርመው፣ ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 91 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ሳይንስና ቴክኖሎጂን የመደገፍ ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል። በ2012 የወጣው የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲ ደግሞ ቁጥር አስቀምጧል። መንግሥት በየዓመቱ ከአገሪቱ ጥቅል ምርት ቢያንስ 1.5 ከመቶ ለዚህ ዘርፍ እንዲመድብ። ከዚያም አልፎ ከአምራችና ከአገልግሎት ድርጅቶች ዓመታዊ ትርፍ 1 ከመቶ እየተሰበሰበ አንድ የምርምር ፈንድ እንዲቋቋም። ዩኔስኮ በ2015 የሳይንስ ሪፖርቱ ሲፈትሽ ሁለቱም ሥራ ላይ አልዋሉም ነበር።

ለምርምርና ሥርጸት የዋለው ገንዘብ ከጥቅል ምርታችን ያለው ድርሻ በ2010 0.24 ከመቶ ነበር። በ2013 ወደ 0.61 ከመቶ ወጣ። ጥሩ ጅምር ነበር። በ2017 ግን ወደ 0.27 ከመቶ ወርዶ ተገኘ። የአፍሪካ ኅብረት አገሮች በ2006 ካርቱም ላይ የተስማሙበት ግብ 1 ከመቶ ነው። እኛ ደግሞ የኅብረቱ መቀመጫ ነን።

ደቡብ ኮሪያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለምርምር የምታውለው ከጥቅል ምርቷ ሩብ ከመቶ ገደማ ነበር። ማለት እኛ በ2010ና በ2017 የነበርንበት ቦታ ማለት ነው። በ1966 ብሔራዊ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋሟን ከፈተች። በውጭ የነበሩ ልጆቿን በጥሩ ደመወዝ ጠርታ አስገባች። ድርሻውንም ሳታቋርጥ አሳደገች። ዛሬ 5 ከመቶ ገደማ ላይ ናት። ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚጠቅመን «ሳታቋርጥ» የሚለው ነው። እኛ 0.61 ላይ ደርሰን መውረዳችን የሚያሳየው አቅም ጨርሶ እንደሌለን አይደለም። የያዝነውን እንዳልጠበቅን ነው።

ዋግ በጀት አይጠብቅም

ይህ ለምን እንደሚያሳስበኝ ከስንዴ በላይ የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም።

በ2010 አርሲና ባሌን ጨምሮ በብዙ አካባቢ ቢጫ ዋግ የሚባል የፈንገስ በሽታ ስንዴውን መታ። ያኔ በብዛት የሚዘራው ኩብሳ የሚባል ዝርያ ነበር። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሄክታር ተጎዳ። ገበሬው ወደ ሌላ ዝርያ፣ ወደ ዲገሉ ዞረ። ዲገሉ አሰላ አጠገብ ካለው የቁሉምሳ ምርምር ማዕከል የወጣ ነው። ቢጫ ዋግን ይቋቋማል። ያኔ ዓለምን ያስጨነቀውን ዩጂ99 የተባለ የግንድ ዋግም ይቋቋማል። ሰው እፎይ አለ።

እፎይታው ሦስት ዓመት ብቻ ቆየ። በ2013 መኸር ሌላ ዓይነት የግንድ ዋግ መጣ። ዲገሉ ለዚህኛው መከላከያ አልነበረውም። ግንድ ዋግ ሲይዝ አገዳው ላይ ቡናማ ቀይ ቁስል ይፈነዳል። በእርሻው መሀል ያለፈ ሰው ሱሪው ላይ ዝገት የመሰለ ዱቄት ይዞ ይወጣል። ያ ዱቄት የፈንገሱ ዘር ነው። ነፋስ ይዞት ከወረዳ ወረዳ፣ ከአገር አገር ይሄዳል። በባሌና በአርሲ ዲገሉ ከተዘራባቸው ማሳዎች አንዳንዶቹ የሚታጨድ ነገር አልተረፈባቸውም። ያ ገበሬ ምንም ጥፋት አልነበረበትም። ዘሩን የወሰደው ምከሩኝ ብሎ ነው፣ የተመከረውም በጊዜው ትክክል ነበር።

አዲስ የስንዴ ዝርያ ከማዳቀል ጀምሮ ገበሬ እጅ እስኪገባ አሥር ዓመት ገደማ ይፈጃል። ዋጉ ግን መልኩን ለመቀየር ይህን ያህል ጊዜ አይፈልግም። ስለዚህ አንድ ዝርያ ለገበሬ ሲሰጥ የሚተካው ቢያንስ መንገድ ላይ መሆን አለበት። የሚተካውን የሚተካውም መዳቀል መጀመር አለበት። አምቦ ያለው የዋግ ላብራቶሪ ከየማሳው የሚመጣውን ናሙና እየመረመረ የትኛው የዋግ ዘር የት እንዳለ ይለያል። አንድ ዓመት ናሙና ሳይሰበሰብ ቢቀር፣ ለነዳጅና ለውሎ አበል ብር ጠፍቶ ባለሙያው ቢሮ ቢቀመጥ፣ አዲሱን ዋግ የምናየው ገበሬው ማሳ ላይ ነው።

መንግሥት የሚኮራበትን የበጋ መስኖ ስንዴም አስቡት። በቆላ፣ በአፋር ሙቀት ስንዴ ይበቅላል ሲባል ብዙ ሰው ተጠራጥሮ ነበር። ግን አሚባራ ያለው የወረር ምርምር ማዕከል ሙቀት የሚችሉ ዝርያዎችን ሲፈትሽ ዓመታት አሳልፏል። ፈንታሌና አሚባራ የተባሉት ዝርያዎች የወጡት ከዚያ ነው። ትራክተሩና የውሃ ፓምፑ በዜና ይታያሉ። ከእነሱ በፊት በዚያ ፀሐይ ላይ ዘለላ እየቆጠረ መዝገብ ሲሞላ የኖረው ተመራማሪ ግን አይታይም።

የሰው ገንዘብ፣ የሰው ጥያቄ

እስካሁን ምርምራችን እንዴት ቆመ ከተባለ መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። በብዛት በውጭ ገንዘብ ነው። አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ሲቋቋም የኖርዌይና የስዊድን እጅ ነበረበት። ቁሉምሳ የተጀመረው ስዊድን በደገፈችው የጭላሎ የግብርና ልማት ፕሮግራም ስር ነው። የዘረ መል ባንካችን በ1976 ሲቋቋም የጀርመን መንግሥት ረድቷል። ውለታ ነው፤ አመሰግናለሁ። ያለዚያ እርዳታ ብዙው ነገር አይኖርም ነበር።

ግን እርዳታ በሰጪው ቀን ይመጣል፣ በሰጪው ቀን ይሄዳል። የስዊድን መንግሥት በ2023 ለልማት ምርምር ይሰጥ የነበረውን የብሔራዊ የምርምር ምክር ቤቱን ድጋፍ ሰረዘ። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የልማት እርዳታ ድርጅት፣ ዩኤስኤአይዲ፣ ፈራረሰ። በሱ ገንዘብ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በኩል ይካሄዱ የነበሩ የግብርና ምርምር ፕሮግራሞች በደብዳቤ ተቋረጡ። ከነሱ አንዱ በእንስሳት ሀብት ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረው የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም ነው። የሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናቶችን በብዙ አገሮች ይደግፍ የነበረው ፕሮግራምም አብሮ ተዘጋ። በ2000፣ 2005፣ 2011 እና 2016 ስንት እናት በወሊድ እንደሞተች፣ ስንት ሕፃን እንደቀነጨረ ያወቅነው በእነዚያ ጥናቶች ነው። የራሳችንን ልጆች ቁመት ለመለካት የሌላ አገር ምክር ቤት በጀት እስኪያጸድቅ መጠበቅ አለብን?

ደግሞ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ጥያቄውንም ይመርጣል። ጤፍ በዓለም ገበያ ትልቅ ሰብል አይደለም። እንሰትም እንዲሁ። ሌላ አገር ስለ እንሰት አጠውልግ በሽታ እንቅልፍ አያጣም። እኛ ካልጠየቅን ማንም አይጠይቅልንም።

በጤናውም እንደዚያው ነው። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል፣ ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። እንደ ነባሮቹ ረግረግ አትፈልግም። ውሃ ስለሚቋረጥ ሰው ግቢው ባስቀመጠው በርሜልና ሮቶ ውስጥ ትራባለች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ፣ ያውም በደረቅ ወቅት፣ ወባ ሲነሣ የአርማወር ሐንሰን ተመራማሪዎች ከአጋሮቻቸው ጋር ሆነው ከዚህች ትንኝ ጋር ያለውን ግንኙነት በማስረጃ አሳዩ። በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ አገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መዝግባለች። ትንኟ በየትኛው ከተማ እንዳለች፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድላት የሚከታተል የራሳችን ቡድን በየዓመቱ፣ ያለ ማቋረጥ ያስፈልገናል።

አንድ ጠርሙስ ኬሚካልና ሰኔ 30

አሁን ወደ ላብራቶሪ እንግባ። ለምርመራ የሚያስፈልገው ኬሚካልና ኢንዛይም ከሞላ ጎደል ከውጭ ነው የሚገዛው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በዓመቱ ከ130 ብር አለፈ። 100 ዶላር የሚያወጣ አንድ ጠርሙስ ከ5,700 ብር ወደ 13,000 ብር ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ የምርምር በጀት በብር አልተቀነሰም የሚል መልስ አይበቃም። ከእጥፍ በላይ ካላደገ ተቀንሷል።

ሌላው ጉዳይ የቀን መቁጠሪያው ነው። የበጀት ዓመታችን ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 ይከፈታል። የመኸር ስንዴ የሚዘራውም በዚያው ሰሞን ነው። ያልተጠቀሙበት ብር ይመለሳል፣ የአዲሱ ዓመት ደግሞ ገና አልተለቀቀም። የመስክ ተመራማሪ ቀን ሠራተኛ የሚቀጥርበት፣ ማዳበሪያ የሚገዛበት፣ መኪና የሚያስነሣበት ሳምንት እዚህ ክፍተት ውስጥ ይወድቃል። ዝናብ የግዥ ሂደት እስኪያልቅ አይቆምም። ሦስት ዓመት የሚፈጅ ሙከራ በአንድ ዓመት በጀት መምራት ትልቁ ሕመማችን ይመስለኛል። ይህን ለማስተካከል ደግሞ ከአዲስ ብር ይልቅ አዲስ ደንብ ነው የሚያስፈልገው።

ገንዘብና ላብራቶሪ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን እንዶድ ይነግረናል። ዶ/ር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ደረሱ። ከማጠቢያው በታች የበሽታው ተሸካሚ የሆኑት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እናቶቻችን ለስንት ዘመን የሚያውቁት ፍሬ ርካሽ መከላከያ ሊሆን ነው ማለት ነበር። ግን ለሰውና ለአካባቢ ጉዳት እንደሌለው በዓለም አቀፍ ደረጃ በጸደቀ ላብራቶሪ መረጋገጥ ነበረበት። እኛ ያ ላብራቶሪ አልነበረንም። ጉዳዩ ደጅ ሲጠና ሃያ ምናምን ዓመት አለፈ። ዶ/ር አክሊሉ ከዶ/ር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸለሙ። በ1990ዎቹ እንዶድ በአሜሪካ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ የሚደፍን ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረትን እንደሚገድል ታወቀ፤ የባለቤትነት መብቱም በኦሃዮው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ስም ተመዘገበ። እንዶዱ የእኛ፣ ተመራማሪው የእኛ፣ የመጀመሪያው ዕውቀት የእናቶቻችን ነበር።

«አሁን ጊዜው ነው ወይ?»

ይህን ስል የሚነሣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ። ዕዳ አለ፣ የተፈናቀለ ሰው አለ፣ የኑሮ ውድነት አለ። ምርምር ቅንጦት አይሆንም? ይህ ተራ ጥያቄ አይደለም፤ የሚጠይቀውም ሰው ልቡ ቅን ነው። ግን ስንዴ የሚያመርተው፣ ወባ የሚይዘው ያው የተቸገረው ሰው ነው። ቡናው ቢረግፍ መጀመሪያ የሚራበው እሱ ነው።

የ2018 ዓ.ም. በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ከዚህ ውስጥ ከመቶ ግማሽ፣ ማለትም ወደ 9.7 ቢሊዮን ብር፣ በውድድር ለሚሰጥ የምርምር ፈንድ ቢመደብ የፖሊሲው 1.5 ከመቶ ገና ሩቅ ነው። ግን ብዙ የቆሙ ማሽኖችን ያስነሣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። «ዩኒቨርሲቲዎቹ ገንዘብ ቢሰጣቸውስ መደርደሪያ የሚሞላ ወረቀት አይደል የሚያወጡት?» እውነት አለበት። ለማዕረግ ዕድገት ብቻ የተጻፈ፣ ገበሬም ሐኪምም ያላየው ጥናት ብዙ ነው። ለዚህ መልሱ ገንዘቡን መከልከል አይደለም። ማን አመለከተ፣ ማን አሸነፈ፣ ስንት ወሰደ፣ ምን አገኘ የሚለው በይፋ ይውጣ። ዳኞቹ ከሌላ ተቋምና ከውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሳይንቲስቶችም ይሁኑ። አቀንጭራ የሚቋቋም ማሽላ በማውጣት በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ወሎንኮሚ ተወልደው፣ ዓለማያ ተምረው የወጡ ናቸው። እንደሳቸው ያሉ ሰዎች ለአገራቸው የምርምር ሐሳቦችን እንዲዳኙ ቢጠየቁ ብዙዎች እሺ እንደሚሉ አልጠራጠርም።

ትምህርት ቤቱን ሳልነካ ማለፍ አልችልም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው ከ50 ከመቶ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4። ከፍ እያለ ነው፣ ደግ ነው። ግን ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 ከመቶው የተፈጥሮ ሳይንስ እንዲማር ለዓመታት ስንመድብ፣ ብዙው ልጅ አሲድና ቤዝ ሲቀላቀል ቀለም ሲቀየር ያየው በፕላዝማ ቴሌቪዥን ነው። የላብራቶሪው ክፍል በብዙ ቦታ የተሰበረ ዴስክ መከመሪያ ሆኗል። ቁልፉን የያዘው መምህር ቢከፍተውም ጊዜው ያለፈበት ጠርሙስ ነው የሚያገኘው። ማጉያ መነጽር ነክቶ የማያውቅ ልጅ ዋግ መርማሪ እንዲሆን መጠበቅ ይከብዳል። የትምህርት በጀት ሲታይ የግንባታው ብር ብቻ ሳይሆን በየዓመቱ የሚያልቅ ኬሚካልና የላብራቶሪ ባለሙያ ደመወዝ ይታይ።

የበጀት ረቂቁ በየዓመቱ በግንቦትና በሰኔ ወደ ምክር ቤቱ ይመጣል። የፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ይመረምረዋል፣ ከሐምሌ 1 በፊትም ይጸድቃል። ረቂቁ በተቋም ተከፋፍሎ ስለሚቀርብ የምርምር ብር በየዩኒቨርሲቲው፣ በየኢንስቲትዩቱ ተበትኖ ነው የሚገኘው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነው። በመላው በጀት ለምርምር ብቻ የዋለው ተደምሮ ስንት ነው? ከጥቅል ምርቱ ስንት ከመቶ ሆነ? ከአምናው በዶላር ሲመነዘር ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ይህ በአንድ ሠንጠረዥ ረቂቁ ላይ ይቀመጥ። ቀጥሎ በመጀመሪያ ደረጃ ወደ 0.61 ለመመለስ፣ ከዚያ ወደ 1፣ ከዚያ ወደ 1.5 ለመድረስ የዓመታት መርሐ ግብር ይጠየቅ። የሦስትና የአምስት ዓመት ምርምር ሰኔ 30 ላይ እንዳይቆረጥ የሚያደርግ አዋጅ፣ ከትርፍ 1 ከመቶ የሚሰበስበው ፈንድም እንዲሁ፣ ሕግ ማውጣት የምክር ቤቱ ሥራ ነው።

መራጮችም ዝም ማለት የለብንም። የመቱና የአሰላ፣ የድሬዳዋና የቀብሪ ደሃር ተወካዮች የምርጫ ክልላቸው ሰው በዚህ ሁሉ ያለፈ ነው። ተወካዩ ለዕረፍት ወደ ክልሉ ሲመጣ ስለ መንገድና ስለ ውሃ ይጠየቃል። ስለ ዝርያና ስለ ትንኝም ይጠየቅ። በበጀት ውይይቱ ቀን ጥያቄውን አንሥቶ መልሱ በቁጥር ካልመጣለት፣ ቁጥሩ እስኪቀርብ ድረስ ረቂቁን አላጸድቅም የማለት ድምፅ በእጁ አለ።